የአሮጌው ቢስክሌት ዘመን

በአገራችን አሮጌ ብረት ሁሉ የጣልያን ነው። ድልድዩ የጣልያን፥ የመጋዘኑ በር የጣልያን፥ ከአያት የተረፈው ፋኖስና የልብስ መስፊያው መኪና ሳይቀር የጣልያን ይባላል። ይህ አነጋገር ከስንፍና የመጣ አይደለም። ባላገር ዘመንን የሚያስታውሰው በቍጥር ሳይሆን በደረሰበት ነገር ነውና፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቈየው የመከራ ዘመን በልቡ እንደ ትልቅ ችካል ስለ ተተከለ፥ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ የመጣውን ብረታ ብረት ሁሉ ከዚያው ችካል ላይ ያስረዋል። የላስታ ሽማግሌ የልጁን ልደት፥ የበሬውን ግዢ፥ የጎረቤቱን ሞት «ጣልያን ሳይገባ» ወይም «ጣልያን እንደ ወጣ» እያለ ሲተርክ ያልሰማ የለም። ይህ አቈጣጠር ለሰው ዕድሜ ብዙ አያሳስትም፤ ለዕቃ ግን ያሳስታል። ሰው ከትውልድ ቀዬው ቢርቅ እንኳ የሚያውቀው ዘመድ አለው፤ ዕቃ ግን ከገበያ ገበያ፥ ከእጅ እጅ ሲዘዋወር የመጣበትን የሚናገርለት የለም።

ይህን እንድናስብ ያደረገን በኩልመስክ፥ በአጎታችን ቤት፥ ከእህሉ ጎታ በላይ ተሰቅሎ የኖረ አንድ ቢስክሌት ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ታሪኩ አጭር ነበር፤ አያታችን በዐርበኝነት ዘመን ከአንድ የጠላት ወታደር ማርከው ያመጡት ነው ይባላል። ከዚህ የበለጠ የጠየቀም፥ የመለሰም አልነበረም። በቅርቡ በአካባቢው ያለ አንድ ትምህርት ቤት የዱሮ ዕቃዎችን ሰብስቦ ለተማሪዎች ለማሳየት ባሰበ ጊዜ፥ አጎታችን ቢስክሌቱን በደስታ ለመስጠት ፈቀዱ፤ ከግርጌው የሚለጠፈውን ጽሑፍ እንድናዘጋጅም እኛን አዘዙን። የእሳቸው ፈቃድ «በ1929 ዓ.ም. ከጠላት የተማረከ» ተብሎ እንዲጻፍ ነበር። ከታናሽ ወንድማችን ጋራ ሆነን ቢስክሌቱን አውርደን ከደጅ በፀሓይ ብርሃን ስናየው ግን እጃችን ለመጻፍ አልታዘዘልንም።

የአያታችን ዐርበኝነት ምስክር ያጣ ነገር አይደለም፤ ቢስክሌትም ሆነ ሌላ ዕቃ አያስፈልገውም። ዳሩ ግን ጽሑፉ በሕፃናት ፊት የሚሰቀል ነው። ከእነዚያ ሕፃናት አንዱ አድጎ ቢስክሌት የሚያውቅ ሰው ቢሆንና ያንን ዓመተ ምሕረት ቢያነብ፥ ስለ ብረቱ የተነገረው ሐሰት መሆኑን ያየ ቀን ስለ ሰውዬው የተነገረውንም እውነት ይጠራጠራል። ሐሰተኛ ምስክር የቆመለት እውነት ከፍርድ ቤት ረትቶ አይወጣም። ስለዚህ ከመጻፋችን በፊት ብረቱን ራሱን እንጠይቀው ብለን ተነሣን።

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ የምን ቢስክሌት ነው? የሚለው ነበር። የኢጣልያ ጦር የቢስክሌት ወታደሮች እንደ ነበሩት የታወቀ ነው፤ ቤርሳልየሪ የተባሉት እግረኞች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የቢያንኪ ፋብሪካ የሠራላቸውን ታጣፊ ቢስክሌት በጀርባቸው ይሸከሙ ነበር። የወታደር ቢስክሌት ወፍራም፥ ከባድ፥ ለድንጋይና ለጭቃ የተሠራ ነው። ከፊታችን የቆመው ግን ከዚህ ሁሉ የራቀ ነበር። ቧንቧዎቹ ቀጫጭን ናቸው፤ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች ይቈለመማል፤ መቀመጫው ጠባብና ሹል ነው፤ ፓራፋንጎ ከቶ አልነበረውም። ይህ ለእሽቅድምድም የተሠራ ነው። እርግጥ ነው፥ ከጦሩ ጋራ ሠራተኛውም፥ ነጋዴውም፥ ሾፌሩም መጥቷልና ይህ ብቻውን ነገሩን አይቈርጠውም፤ ነገር ግን «ከወታደር» የሚለውን ቃል ከወዲሁ አላላው።

ቴላዮው በጥቍር ቀለም በብሩሽ ተቀብቷል። ፋብሪካ በብሩሽ አይቀባም፤ ስለዚህ ከሥሩ ሌላ ቀለም መኖሩን ዐወቅን። እንዲህ ያለ ዕቃ በእጁ ያለ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበልልን፤ አሮጌ ቀለምን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ የዕቃውን የልደት ወረቀት እንደ መቅደድ ነው። እኛ በጨርቅና በጥቂት ነጭ ጋዝ አቧራውን ካስለቀቅን በኋላ፥ ከፔዳሉ ዘንግ ሥር፥ ዓይን በማያርፍበት ቦታ፥ የጥፍር ያህል ብቻ ጥቍሩን አነሣን። ከሥሩ እንደ እንሽላሊት ጀርባ የሚያብረቀርቅ ወደ ቢጫ ያደላ አረንጓዴ ወጣ። ከፊት፥ ከመሪው በታች ባለው አጭር ቧንቧ ላይ ደግሞ የፋብሪካው ዓርማ ተመትቶ የነበረባቸው ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ብቻ ቀርተዋል፤ ዓርማው ጠፍቷል።

ዓርማ የጠፋበትን ቢስክሌት የሚያሳውቀው የመገጣጠሚያው አሠራር ነው። በዚያን ዘመን ቧንቧዎቹ እርስ በርስ የሚያያዙት በማቀፊያ ብረት ውስጥ ገብተው በነሐስ ብየዳ ሲሆን፥ እያንዳንዱ ቤት ማቀፊያውን እንደ ፊርማው በራሱ መልክ ይሞርደው ነበር። ከብዙዎቹ ቢስክሌቶች የመቀመጫውን ቧንቧ የሚያጠብቀው ብሎን የሚገኘው ከኋላ ነው። በዚህኛው ግን ብሎኑ ከፊት፥ ከላይኛው ቧንቧ ሥር ተደብቆ ተገኘ። ይህ አሠራርና ያ የእንሽላሊት አረንጓዴ አንድ ላይ ሲገኙ የአንድ ቤት መታወቂያ ናቸው፤ ሌኛኖ ይባላል። የጠፋው ዓርማ ሰይፉን ወደ ላይ ያነሣ ባላባት ያለበት ነበር፤ በ1176 እ.ኤ.አ. የሎምባርድያ ከተሞች ሌኛኖ በተባለው ቦታ የጀርመኑን ንጉሠ ነገሥት ድል ላደረጉበት ጦርነት መታሰቢያ ነው። ፋውስቶ ኮፒ በ1932 ዓ.ም. የኢጣልያን ዙር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሸንፍ የሌኛኖ ቡድን ተወዳዳሪ ነበር።

ይህን ለአጎታችን በነገርናቸው ጊዜ «እኔስ ምን አልኋችሁ!» ብለው ሣቁ። የጣልያን መሆኑ ተረጋግጧልና። ለእኛ ግን የተመለሰው የአገሩ ጥያቄ እንጂ የዘመኑ አልነበረም።

የአገሩንም ቢሆን በመልክ ብቻ ላለማመን ቢስክሌቱን ይዘን ወደ ወልድያ ወረድን። በዚያ አንድ የቢስክሌት ጠጋኝ በካቻቪቴና በፒንሳ፥ በመጨረሻም በመዶሻ እየታገለ የፔዳሉን ዘንግ ፈታልን። (የዚህ ሙያ ቃላት ራሳቸው ታሪክ ናቸው፤ ጎማው፥ ፍሬኑ፥ ኩሽኔታው፥ ቸርኬው፥ ካምቢዮው፥ ቴላዮው ሁሉ በጣልያንኛ ስሙ ቀርቷል። ባለቤቱ ከሄደ ሰማንያ ዓመት ያለፈው ቋንቋ በጠጋኞች አፍ አሁንም ይሠራል።) የፔዳሉ ዘንግ የሚያልፍበት ቧንቧ በሁለቱም ጫፍ ብሎን ይገባበታል፤ የብሎኑ ጥርስም አገሩን ይናገራል። በእንግሊዝ ሥራ ቧንቧው 68 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ በሰንሰለቱ በኩል ያለው ብሎን የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። በኢጣልያ ሥራ ስፋቱ 70፥ የብሎኑ ውፍረት 36 ሚሊሜትር ሆኖ ሁለቱም ወደ ቀኝ ይጠብቃሉ። የፈረንሳዩም እንደ ኢጣልያው ሁለቱም ወደ ቀኝ ነው፤ ውፍረቱ ግን 35 ብቻ ነው። የእኛው 70 እና 36 ሆኖ ተገኘ። ቀለም ይቀባል፥ ዓርማ ይነቀላል፥ ይህን ጥርስ ግን ማንም ለማታለል ብሎ አይቈርጠውም።

ከዚህ በኋላ የቀረው ዘመኑ ነው። ለዚህ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር የኋላው ጎማ ዘንግ የሚገባበት የቴላዮው ጆሮ ነው። የእሽቅድምድም ቢስክሌት ሰንሰለቱን ከትልቅ ጥርስ ወደ ትንሽ ጥርስ የሚያሻግር ካምቢዮ ያስፈልገዋል። በጦርነቱ ዘመንና ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት የካምፓኞሎ ካምቢዮ ሥራው አስደናቂም አስፈሪም ነበር፤ ጋላቢው እየጋለበ ወደ ኋላ እጁን ሰዶ አንዱን ዘንግ በማዞር የጎማውን ማጥበቂያ ያላላል፤ በሌላው ዘንግ ሰንሰለቱን ያሻግራል፤ ጎማው በጆሮው ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ከዚያ መልሶ ያጠብቀዋል። ጎማው ሲንሸራተት እንዳይጣመም የእነዚያ ቢስክሌቶች ጆሮ እንደ መጋዝ ጥርስ ነበረው። በ1943 ዓ.ም. ግን ያው ፋብሪካ ግራን ስፖርት የተባለውን አወጣ። ይህ አራት ማዕዘን ሠርቶ በሚታጠፍ ክንድ ሰንሰለቱን ብቻ ይገፋል እንጂ ጎማውን አይነካም፤ ስለዚህ የመጋዙ ጥርስ ከጆሮው ላይ ጠፋ፤ በምትኩ ካምቢዮው የሚታሰርበት ቀዳዳ ያለው ምላስ ከጆሮው ጋራ አንድ ሆኖ ተቀጠቀጠ።

የእኛው ጆሮ ጥርስ የለውም፤ ምላስ አለው፤ በምላሱም አጠገብ የካምፓኞሎ ስም ታትሞበታል። ምናልባት ኋላ ተቈርጦ የተበየደ እንዳይሆን ብለን መጋጠሚያውን መረመርን። ከጥቍሩ ቀለም በታች ያ አረንጓዴ ሳይሰነጠቅና ሳይቃጠል ከቧንቧው እስከ ጆሮው ድረስ ይሄዳል። በኋላ ዘመን እሳት የነካው ብየዳ ቢሆን ቀለሙ በቦታው አይገኝም ነበር። እንግዲህ ይህ ቢስክሌት የተሠራው አያታችን ማረኩት ከተባለው ዓመት ከ14 ዓመት ያላነሰ ዘግይቶ ነው። ጠላት ከአገር ከወጣ እንኳ 10 ዓመት አልፎ ነበር።

ፍሬኑም ይህንኑ መሰከረ። ዩኒቨርሳል የተባለው የኢጣልያ ፍሬን ሠሪ የሞዴሉን ስም በአውሮፓ ዓመት ይሰይም ነበርና፥ በእኛው ፍሬን ክንድ ላይ «ሞድ. 51» የሚል ተቀርጿል። ዘመኑ ከዚህ በላይ ምን ያህል ሊዘገይ እንደሚችል ማወቅ ግን ይበልጥ አስቸጋሪ ነው። የፔዳሉ ክንዶች ከብረት ተሠርተው በሽብልቅ የተያዙ ናቸው፤ ካምፓኞሎ ያለ ሽብልቅ የሚታሰረውን ቀላል ክንድ ያወጣው በ1950 ዓ.ም. ገደማ ቢሆንም፥ ርካሹ ቢስክሌት ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት በሽብልቅ ሲሠራ ኖሯል። የካምቢዮው ማዞሪያ በቀለበት ታስሯል እንጂ ከቧንቧው ጋራ አልተበየደም፤ የውሃ ጠርሙስ ማሰሪያም የለውም። የኋላው ጆሮዎች እርስ በርሳቸው 120 ሚሊሜትር ይራራቃሉ፤ ይህም የባለ አምስት ጥርሱ ዘመን ልክ ነው። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ስንመዝን ከ1943 እስከ 1953 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ብለን ፈረድን። ከዚህ ያጠበበ ዓመት ለመስጠት የሚደፍር ሰው ቢመጣ ግን እኛ አንከተለውም።

በአሮጌ ቢስክሌት ላይ ሁሉ የሚደርሰው መለዋወጥ በዚህኛውም ደርሷል። የኋላው ጎማ ከቻይናው ፎኒክስ የተወሰደ ባለ 28 ነው። የእሽቅድምድሙ ቸርኬ ወርዱ 622 ሚሊሜትር ሲሆን የፎኒክሱ 635 ነው፤ ስለዚህ የፍሬኑ ላስቲክ ከቸርኬው ከስድስት ሚሊሜትር በላይ ወደ ታች ወርዶ ይነክስ ነበር። አንድ ሰው የፍሬኑን ክንድ ቀዳዳ በሞረድ ወደ ላይ አስረዝሞ አስታርቋቸዋል። ጎማው በቴላዮው ላይ እየተፋተገ ያበራው መሥመርም ይታያል። የዕቃውን ዘመን ከዚህ ጎማ የሚገምት ሰው ቢኖር በብዙ ዓመት ይሳሳት ነበር።

የእንግሊዝ ቢስክሌት፥ ለምሳሌ ራሌይ፥ በቤታቸው ያለ አንባብያን ደግሞ ከዚህ የቀለለ መንገድ አላቸው። በኋላው ጎማ እምብርት ላይ ስተርሚ አርቸር የሚል ጽሑፍ ካለ፥ ከአጠገቡ ሁለት ቍጥር አንዳንዴም ሦስተኛ ቍጥር ይገኛል። «62 5» ቢል በአውሮፓ አቈጣጠር በ1962 ዓመት በአምስተኛው ወር የተሠራ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን ለእኛ ብቻ የተዘጋጀ ወጥመድ አለ። «የስድሳ ሁለት ሥሪት ነው» ሲባል ሻጩም ገዢውም 1962 ዓ.ም. አድርገው ያስቡታል። የአውሮፓው ዓመት ከጥር እስከ ጳጉሜን 8፥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 7 ይቀነስለታል፤ ስለዚህ ያ ጎማ የ1954 ዓ.ም. ነው። እምብርቱ ከሌላ ቢስክሌት የመጣ ሊሆን መቻሉም አይዘንጋ።

ወደ ኩልመስክ ተመልሰን ያገኘነውን ለአጎታችን የነገርናቸው ማታ፥ እሳት ዳር ነው። ጆሮውን እያሳየን፥ ቍጥሩን እየቈጠርን አስረዳናቸው። ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ «እንግዲህ አባቴ ውሸታም ነበር ማለታችሁ ነው?» አሉን። ይህን ጥያቄ ፈርተነው ነበር። «አያታችን ይህን ሲናገሩ ማን ሰማ?» ብለን በትሕትና ጠየቅን። አጎታችን አሰቡ፤ ከራሳቸው ከአያታችን አፍ ሰምተውት እንደማያውቁ ተገነዘቡ። በዚህ ጊዜ ከጓዳው በር አጠገብ ጥጥ ይፈትሉ የነበሩት ታላቅ እኅታቸው እንዝርታቸውን አቆሙ።

«አባባ የማረኩትስ ጠመንጃ ነበር» አሉ። «ይሄ የወንድሜ ነው።»

ይህ ወንድም በቤታችን ስሙ እምብዛም የማይነሣ ነበር። የበኵር ልጅ ሆኖ ሳለ እርሻውን ጥሎ፥ አባቱን ሳይሰናበት፥ ለሥራ ወደ አስመራ ሄደ። በአራተኛው ዓመት ግን የሳንባ በሽታ ይዞት ተመለሰ። ወደ ላስታ ደጋ በዚያን ጊዜ ሁነኛ የመኪና መንገድ አልነበረምና፥ ቢስክሌቱን ከወልድያ ያወጣው በበቅሎ ጭኖ ነው። እትያችን ያኔ ዐሥራ አምስት ዓመት ገደማቸው ነበር። «ጎማውን በሁለት ጣቱ ነካ ሲያደርገው ከብረቱ ተለይቶ ይወጣ ነበር» አሉ፤ «ቍልፍ የለው፥ መዶሻ የለው። እኛ ልጆቹ አስማት ነው ብለን ሸሸን።»

እኛና ወንድማችን ተያየን። የፊተኛው ጎማ ያልተለወጠ ነው፤ እምብርቱም በአንድ እጀታ ተጎትቶ የሚላቀቀው የካምፓኞሎ ሥራ ነው። ስለዚህ ጎማ ለእትያችን የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ ወደ ደጅ ወጥተው ሲመረመርም አላዩትም። ቱልዮ ካምፓኞሎ ይህን እጀታ የፈለሰፈው፥ እንደሚተረከው፥ በውድድር ላይ ሳለ በበረዶ በተሸፈነ ተራራ ብርድ ጣቱን አደንዝዞበት የጎማውን ማጥበቂያ መፍታት አቅቶት ስለ ነበር ነው፤ የባለቤትነት መብቱንም በ1922 ዓ.ም. አስመዝግቧል። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በሚወርደው ነፋስ ጣቱ ደንዝዞ የሚያውቅ የላስታ ሰው ሐሳቡ ከየት እንደ መጣለት አይጠፋውም።

ዘመኑም ይስማማል። በአስመራ የቢስክሌት እሽቅድምድም ከጦርነቱ በኋላ እጅግ የተወደደ ነገር ሆኖ የመጀመሪያው የኤርትራ ዙር በ1938 ዓ.ም. ተደርጓል። ከመስከረም 1945 እስከ ኅዳር 1955 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋራ በፌዴሬሽን በነበረችበት ጊዜ ከወሎ ወጥቶ በዚያ ሥራ መፈለግ ለወጣት እንግዳ አልነበረም። ኢትዮጵያም ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተሰለፈችበት በኅዳር 1949 ዓ.ም. በሜልበርን ቢስክሌት ጋላቢዎች ልካለች፤ ከእነዚያ አንዱ ገረመው ደንቦባ በ1952ቱም የሮማ ኦሊምፒክ ተወዳድሯል። የቀን ሠራተኛ የነበረ አንድ የኩልመስክ ልጅ ደመወዙን አጠራቅሞ፥ ምናልባትም ከሌላ እጅ፥ የእሽቅድምድም ቢስክሌት ቢገዛ ከዘመኑ ወጣት ምኞት የራቀ ነገር አላደረገም።

ከተመለሰ በኋላ ዓመት አልቈየም፤ ሞተ። አያታችን ቢስክሌቱን በጥቍር ቀለም ቀቡት፤ ሰቀሉት፤ ልጆች እንዳይነኩትም ከለከሉ። ጥቍሩ ቀለም የኀዘን መሆኑን እስከዚያች ማታ ድረስ ማናችንም አልጠረጠርንም ነበር። ልጆች የማን ነው? ብለው ሲጠይቁ «የአባባ ነው፥ አትንኩ» ይባሉ ነበር። «የአባባ» የተባለው ቀስ በቀስ «የአባባ ምርኮ» ሆነ። ያ የፎኒክስ ጎማም ተገለጠ፤ አጎታችን ራሳቸው በጎረምሳነታቸው፥ አባታቸው ከሞቱ በኋላ፥ ከወልድያ ገዝተው የገጠሙት ነው። የፍሬኑን ቀዳዳ በሞረድ ያስረዘሙት እጆች የእሳቸው ነበሩ። ሁለት ቀን ጋልበውት፥ ድንጋዩ አላስኬድ ብሏቸው መልሰው ሰቀሉት።

በማግሥቱ ጽሑፉን አዘጋጀን። «በኢጣልያ አገር ሌኛኖ በተባለ ስም ከ1943 እስከ 1953 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተሠራ የእሽቅድምድም ቢስክሌት። ከአስመራ በሥራው ደመወዝ ገዝቶ በበቅሎ ያመጣው፤» ካልን በኋላ የሟቹን ስም ከነአባቱ ስም ጻፍን። አጎታችን መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። የፋብሪካው ስም ወደ ታች ወርዶ የወንድማቸው ስም ከላይ፥ በትልቅ ፊደል እንዲሆን አዘዙ፤ የኋላው ጎማም የቻይና መሆኑ እንዳይዘነጋ አሉ። ጥቍሩን ቀለም እናንሣው? ብለን ብንጠይቃቸው እትያችን ከአጎታችን ቀድመው ይቅር አሉ። የጥፍር ያህል የተነሣባትን ቦታ ብቻ፥ አረንጓዴው እንዲታይ፥ እንዳለች ተውናት።